ሰባተኛው ላይ ሲደርስ

«ለመሆኑ ልጁ የማን ልጅ ነው?»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ሽፈራው ከደብረ ብርሃን ከተነሡ ጀምሮ ይህንኑ ይጠይቃሉ። መልሱን አያውቁትም። የልጅ ልጃቸው ኖላዊትም የምታውቀው አይመስልም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ያንኑ ትመልሳለች።

«የሐርዳን ልጅ ነው አልኩሽ እኮ፣ እምዬ። የበር ጠባቂዎቹ ዘር።»

«ሐርዳን የማን ሐርዳን? ሰው እኮ አያት አለው፣ ቅድመ አያት አለው።»

«ስንደርስ ራሱ ይቆጥርልሻል።»

መኪናዋ መሪ የላትም፤ ሹፌርም የላትም። አስጎብኚ የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል። ሰው ይሳፈራል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ መኪናዋ «የጉም በር» የሚባለው ፊልም የተቀረጸባቸውን ቦታዎች እያዞረች ታሳያለች። የደብረ ብርሃን ሰው ትምህርት ሲጨርስ ይሄዳል፣ ሲታጭ ይሄዳል፣ ከሕመም ሲነሣ ይሄዳል። ድሮ ጠበል ይወጣ የነበረው ሁሉ ዛሬ ወደ ጉም በር ይወጣል። ፊልሙ የተጀመረው ኖላዊት ሳትወለድ ነው። እስካሁን አላለቀም፤ ያልቃል ብሎ የሚጠብቅም የለም።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ሄደው አያውቁም። ለዛሬው መንገድ ዳቦ ቆሎ፣ ጋቢ፣ ጠበል በጠርሙስ፣ የደም ግፊት ኪኒናቸውን፣ ትርፍ ጫማና ሁለት ጃንጥላ ይዘዋል።

«ሁለት ምን ያደርግልሻል?» ብላ ነበር ኖላዊት።

«አንዱን ንፋስ ቢወስደውስ?»

የመጡት ወደው አይደለም። ኖላዊት አምና ከጓደኞቿ ጋር ሄዳ ስትመለስ አንድ ልጅ በልቧ ይዛ ተመለሰች። ዘንድሮ ደግሞ ቁርጧን ተናገረች፤ አያቷ ሳይመርቋት አታገባም፣ ከመረቋት ግን እዚያው ትቀራለች። የዚያ አገር ደንብ ነው። የፊልሙን ሰዎች ሆነው ከሚኖሩት ነዋሪዎች ልጅ ያገባ ወደ ታሪኩ ይገባል። ልብስ ይሰጠዋል፣ ስም ይሰጠዋል፣ አባቶች ይሰጡታል። ወደ ከተማ አይመለስም። ዘመድ ሊያየው ቢፈልግ እንደ ማንም ተጓዥ ተሳፍሮ፣ ማረፊያው ላይ ወርዶ፣ ከሌላው ሕዝብ ጋር ቆሞ ያየዋል። እናቷ ጥሩወርቅ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ወይዘሮ ፈንታነሽ ከኖላዊት በቀር ሰው የላቸውም።

«እስኪ አንቺ ቁጠሪ» አሉ ድንገት። «ረስተሽው እንደሆነ ልይ።»

«እምዬ ደግሞ! አሁን?»

«አሁን።»

ኖላዊት ሳቀች፤ ግን የልጅነቷን ጨዋታ ስለምትወደው ከትንሿ ጣቷ ጀምራ ማጠፍ ያዘች። «እናቴ ጥሩወርቅ። እምዬ ፈንታነሽ። አባባ ሽፈራው። ደስታ። ወልዴ። ገብሬ።» ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ስም አልጠራችም። በመዳፏ የመኪናዋን ወለል አንዴ መታች።

«ጎሽ የኔ ልጅ።»

ይህ የእነሱ ቤት ወግ ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም። ያ ሰባተኛው ሰው በድንበር ጠብ የእናቱን ልጅ የገደለ ነበር። አባታቸው ሽፈራው ልጆቻቸውን ቆጠራ ሲያስተምሩ፣ እሱ ጋ ሲደረስ መሬት መምታት እንጂ ስሙን መጥራት ክልክል ነበር፤ ስሙ የተጠራበት ቤት ይፈርሳል ይሉ ነበር። ለወይዘሮ ፈንታነሽ አምስተኛ ነው። ለጥሩወርቅ ስድስተኛ ሆነ። ለኖላዊት ሰባተኛ። ከእሷ ወዲያ የሚወለደው ከቁጥር ያወጣዋል፤ እርግማኑም ያኔ ይለቃል ነው የሚባለው።

መኪናዋ ገደል አፋፍ ላይ ቆመች።

«ጣርማበር ደረስን» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ የሚያውቁት አገር በማግኘታቸው ልባቸው ትንሽ መለስ ብሎ።

«ይህ ስፍራ የአሞሮች ደጃፍ ይባላል» አለች መኪናዋ በለሰለሰ ድምፅ። «ንጉሥ ቤልዶር የበኩር ልጁን የወረወረበት ነው።»

«ምን አደረገ?»

«በፊልሙ ነው፣ እምዬ።»

አፋፉ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ በጨርቅ የተጠቀለለ አሻንጉሊት አቅፏል። ተራው ሲደርስ አባትዬው አሻንጉሊቱን ከፍ አድርጎ «ጉሙ ይቀበልህ!» ብሎ ይወረውራል፤ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ከታች መረብ ተዘርግቷል። መረቡ ላይ የወደቁት አሻንጉሊቶች ተሰብስበው፣ አቧራቸው ተራግፎ፣ ለሰልፉ ጭራ ይታደላሉ። አንድ ሕፃን ብቻ አለቀሰ። አባቱ አፍሮ ዙሪያውን እያየ አባበለው።

«በስመ አብ!» ወይዘሮ ፈንታነሽ አማተቡ። «አንቺም ወርውረሽ ታውቂያለሽ?»

«ሁሉም ሰው ይወረውራል።»

ከመኪናው አልወርድም አሉ። ዳቦ ቆሎውን አወጡና ሳይበሉት መልሰው ቋጠሩት።

ሁለተኛው ማረፊያ የገብስ ማሳ ነበር። ዓይን እስኪታክት ድረስ ቢጫ ነው፤ ንፋስ ሲነካው ይተኛል፣ ይነሣል። እዚህስ ወረዱ። ገብስ ያሳደጋቸው ሰው ናቸው፤ ማሳ ሲያዩ እግራቸው አያርፍም። ሰማያዊ ካባ የለበሰች አንዲት ሴት ጠርዙ ላይ ቆማ ነበር።

«እንደምን ዋልሽ የኔ እመቤት። ደርሶልሻል እኮ! ምነው ሳታጭዱት?»

«አይታጨድም» አለች ሴትዮዋ ዓይኗን ሳትሰብር። «ታሪኩ ውስጥ መከር አልደረሰም።»

«መቼ ይደርሳል ታዲያ?»

«እናቴ ስትቆምበትም እንዲሁ ነበር።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ አንድ ዛላ ቀጥፈው እንደ ልጅነታቸው በመዳፋቸው መሐል አሹት። ፍሬ የለውም። እጃቸው ላይ የቀረው ቢጫ ነገር ቀለም ቀለም ይሸታል። ያን ጊዜ ነው በማሳው ላይ አንዲት ወፍ እንኳ እንደሌለች ያስተዋሉት። ከማሳው በላይ ጉብታ ላይ ቤተ ክርስቲያን ይታያል፤ መኪናዋ ግን በዚያ በኩል አላለፈችም።

«አትቆምም እንዴ? ልሳለመው እንጂ።»

«ይህ ሕንጻ በታሪኩ ውስጥ የለም» አለች መኪናዋ፤ ፍጥነቷንም አልቀነሰችም።

ዳገቱን ሲጨርሱ አንድ የገደል ጫፍ ብቅ አለ። መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ፣ በስንጥቁ ውስጥ ሰማይ የሚያሳይ። ወይዘሮ ፈንታነሽ የኖላዊትን ክንድ ያዙ።

«ይኼን ገደል አውቀዋለሁ።»

«በፊልሙ አይተሽው ነው።»

«መቼ አየሁና! ይኼ አንጓ ሜዳ ነው። እኔ የተወለድኩበት።» ወደ መኪናዋ ጣሪያ ቀና ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አንጓ ሜዳ አይደለም?»

«እንዲህ የሚባል ስፍራ አላውቅም። እነሆ፣ የጉም በር።»

ተጠራጠሩ። በእሳቸው ዘመን እዚህ ሐይቅ አልነበረም፤ አሁን ከገደሉ ሥር ጥቁር ውኃ ተኝቷል። ከአንጓ ሜዳ የወጡት የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው፣ በክፉው ዘመን፣ አክስታቸው አዝለዋቸው። ታላቅ እኅታቸው አስካል ከአባታቸው ጋር ቀረች። ኋላ መንደሩ አለቀ የሚል ወሬ መጣ። አስካልም አብራ አለቀች ተባለ፤ ተለቅሶላት፣ ተዝካሯ ወጥቶ፣ እርሟ ወጥቷል። በልጅነት የታየ ገደል ደግሞ ሌላውን ገደል ሊመስል ይችላል። እንዲህ ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። የያዙትን ክንድ ግን አልለቀቁም።

በመንደሩ መግቢያ አንዲት ትንሽ ልጅ ግራጫ ቀሚስ ለብሳ ለሚመጣው ሁሉ እጅ ትነሣለች።

«የማን ልጅ ነሽ፣ እናቴ?»

ልጅቷ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ እንደ ፊደል አወረደችው። «የኢልማር፣ የቶራን፣ የዘልቃድ፣ የመሬን፣ የኦስታር፣ የካልድ፣ የጥንቱ የሩማን።» ሰባት ስም፤ ያለ ማቋረጥ፣ ያለ ማመንታት።

«ጎበዝ! እውነተኞቹስ?»

«የትኞቹ እውነተኞች?» አለች ልጅቷ። የምትቀልድ አልነበረችም። ግራ ገብቷት ወደ ኖላዊት ዞረች።

ወይዘሮ ፈንታነሽ የልጅቷን ራስ ዳብሰው አለፉ።

ሰዓቱ ደርሶ ኖሮ ከመሬት ሥር ከተቀበሩ ቱቦዎች ጉሙ ወጣ። ነዋሪዎቹ ሥራቸውን ትተው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ፣ ተጓዦቹ ፎቶ አነሡ፣ ጉሙ ሲሳሳ ሁሉም ወደየነበረበት ተመለሰ። የልጁ ቤት የመጨረሻው ማረፊያ ነው፤ የድንጋይ ግድግዳ ያለው የሣር ቤት። በሩ ላይ ኖላዊት ቆም አለች።

«እምዬ፣ ስሚኝ። ጣሪያው ላይ የሚሰማ ነገር አለ፤ ቤቱ ያዳምጣል። ከታሪኩ ውጭ አጥብቀሽ አትጠይቂያቸው። ልብሱን ያወለቀ ሰው ቤቱን ይለቃል። አምና እዚህ ጎረቤት አንድ ሰውዬ ሚስቱ ስትሞት ካባውን ጥሎ አለቀሰ። በማግስቱ እዚያ ቤት ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ በዚያው ስም።»

«ሰውዬውስ የት ሄደ?»

«እኔ እንጃ።»

«እኔ እንጃ? እንዲህ ዓይነት አገር ነው የምትገቢበት?»

«እምዬ፣ በናትሽ።»

ልጁ በር ላይ ተቀበላቸው። ረጅም ነው፤ ግራጫ ካባ ለብሷል። ዝቅ ብሎ የወይዘሮ ፈንታነሽን ጉልበት ሳመ። ቀና ሲል ፊቱን አዩትና ሳይፈልጉ ወደዱት፤ ልባቸው ወደ እሱ ለምን እንዲህ እንደሚሳብ ግራ ገባቸው። ውስጥ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች። ቀንድ ያለው ቆብ እስከ ቅንድቧ ወርዷል።

«አያቴ ናት» አለ ልጁ። «ለእንግዳ እመ ጉም ናት።»

«መንገድ ያመጣችሁ ሆይ፣ ጉሙ ይቀበላችሁ» አለች አሮጊቷ። የፊልሙ ቃል ነው።

ሁለቱ ልጆች ጉልበት ለጉልበት ገጥመው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ፊት ለፊታቸው ሆኑ፤ ጃንጥላዎቹን እቅፋቸው ውስጥ ይዘዋል።

«ሥራህ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«በር እጠብቃለሁ፣ እማማ።»

«የምኑን በር?»

«የጉሙን።»

«ጉም ደግሞ ምን በር አለው? ሊያመልጥ ነው?»

ኖላዊት ሳቀች፤ ልጁም ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው። ለአፍታ ቤቱ የሰው ቤት መሰለ።

«ክርስትና ስምህስ?»

ልጁ ሳቁን አቆመና ወደ ጣሪያው ቀና አለ። «እሱን… አልነገሩኝም።»

«እንግዲያው ዘርህን ቁጠርልኝ። ልጅ ከመስጠቴ በፊት ከማን ጋር እንደምዛመድ ልወቅ። ሰባት ቤት ሳይቆጠር የሚጋባ ከብት ነው።»

«እሺ፣ እማማ።» ልጁ ከመደቡ ወርዶ መሬቱ ላይ በርከክ አለ። እጁን ዘርግቶ ከትንሿ ጣቱ ጀመረ። ወይዘሮ ፈንታነሽ የጣቱን አስተጣጠፍ ሲያዩ ጃንጥላቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ሐርዳን። ኬሞር። አልታዝ። ዱርማን። ሳሬክ። ቤልዶር…»

«ያ ልጁን የወረወረው?»

«እሱ ራሱ» አለ ልጁ በኩራት።

ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ዝም አለ። በመዳፉ መሬቱን አንዴ መታ።

የኖላዊት ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ከወይዘሮ ፈንታነሽ እቅፍ አንዱ ጃንጥላ ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም።

«ማን ነው…» አሉ በመጨረሻ። «መሬቱን ምታ ያለህ ማን ነው?»

«አያቴ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንቆጥረው። አባቴ ስድስተኛው ላይ ነው የሚመታው። እሷ ደግሞ አምስተኛው ላይ።»

አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። የፈንታነሽ፣ የጥሩወርቅ፣ የኖላዊት። የፊልሙ ሰዎች ስሞቹን ሁሉ ለውጠዋቸዋል፤ ዝምታውን ግን የሚለውጠው ሰው አላገኙም፤ እሱ የተጻፈ ነገር አይደለም። ለካ ዘር ከልጓም ይስባል የሚባለው እውነት ነው። ወይዘሮ ፈንታነሽ ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። የአሮጊቷን ፊት ለማየት ቢያጎነብሱ የቀንዱ ጥላ ሸፈነባቸው።

«እታለም?»

አሮጊቷ አልተንቀሳቀሰችም።

«እታለም አስካል። እኔ ነኝ፣ ፈንታነሽ። ትንሿ። አልቅሼልሽ ነበር እኮ… ተዝካርሽን አውጥቼ ነበር።»

«መንገድ ያመጣችሁ ሆይ» አለች አሮጊቷ፤ ድምፅዋ መሐል ላይ ተሰበረ። «ጉሙ ይቀበላችሁ።»

«እምዬ ተይ!» ኖላዊት ከመደቡ ተነሣች። «ቤታቸውን ልታስወስጂባቸው ነው!»

ልጁ የወይዘሮ ፈንታነሽን ቀሚስ ጫፍ ያዘ። «እባክዎ፣ እማማ። አባቴ አለ፣ ታናናሾቼ አሉ። ከዚህ ወጥተን የት እንገባለን? ሌላ አገር አናውቅም።»

«አንተ ልጄ፣ የምትለው ይገባኛል። ግን ይህች እኅቴ ከሆነች እናንተ ሁለታችሁ የሽፈራው ልጆች ናችሁ። በሦስተኛው ቤት ትገናኛላችሁ። ሦስተኛ! ሰባት ነው ያልኩት!»

«ከፊልሙ ቢሆንስ?» ኖላዊት ትንፋሿ እየተቆራረጠ ተናገረች። «የሆነ ክፍል ላይ መሬት የሚመታ ንጉሥ ሊኖር ይችላል። እሷም ከዚያ ወስዳው ይሆናል።»

«የመንደሩ መግቢያ ላይ ያገኘናት ልጅ ሰባት ስም ሙሉ ቆጥራልኛለች። አልመታችም።»

«እሷ የሌላ ቤት ናት!»

«እኔስ ምን አልኩ? የቤት ነው፣ የዚህ ቤት። ፊልሙን ተይው፤ እጅሽን ጠይቂው። ዛሬ ጠዋት መኪናው ውስጥ እጅሽ ያደረገውን ጠይቂው።»

ኖላዊት መዳፏን አየችው፤ ከዚያ ጨበጠችው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«እንግዲያው ራሷ ትናገር። አውቄሻለሁ ትበልሽ፣ እኅቴ ናት ትበል። ካልተናገረች ግን እኔ ዛሬውኑ ልብሱን እለብሳለሁ። ሰማሽ እምዬ? ተጓዥ ሆነሽ መጥተሽ ታዪኛለሽ።»

ውጭ አንድ የተጓዥ ቡድን እየሳቀ አለፈ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ሁለቱንም ልጆች አዩ፤ መልሰው ደግሞ አሮጊቷን። ተናገሪ ቢሏት ቤቷን አፍርሺ ማለታቸው ነው። ዝም በዪ ቢሏትም ያው ነው፤ ልጆቹ የሚመሠርቱት ቤት ከዚህ የባሰ አይፈርስም?

አሮጊቷ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች።

በሁለት እጇ ቀንዶቹን ያዘችና ቆቡን ከራሷ አወጣችው። ሥሩ የነበረው ጠጉር ነጭ ነው፤ በቆቡ ክብደት ተኝቶ ቀርቷል። ግንባሯ ላይ ለዓመታት የቆየ የቆቡ ክር ምልክት ተጋድሟል። ካባውንም ፈታች። ከሥሩ ያረጀ የጥጥ ቀሚስ ለብሳለች።

«እባክዎ ልብስዎን ይመልሱ» አለ ጣሪያው፣ በመኪናዋ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ።

ካባውን አጣጥፋ ተቀምጣበት የነበረው ድንጋይ ላይ አኖረችው፤ ቆቡን ከላዩ። ወይዘሮ ፈንታነሽን አየቻቸው፤ ረጅም፣ ከእግር እስከ ራስ፣ ያቺ የስምንት ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደሄደች የምትለካ ያህል። ከዚያ ወደ በሩ አመራች። ልጁ ካለበት ተነሥቶ ከኖላዊት ጎን ቆሞ ነበር፤ ክንዶቻቸው ይነካካሉ። አሮጊቷ ዙሪያውን መሄድ ስትችል በሁለቱ መሐል አለፈች። ተላቀው ቦታ ለቀቁላት።

«እባክዎ ልብስዎን ይመልሱ።»

የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ጎንበስ አለች። በመዳፏ መሬቱን አንዴ መታች። ቀና ብላ፣ ወደ ኋላዋ ሳትዞር፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወጣች።